የተማሪ ልብስና የተማሪ ቃል

ልብስ ገላን ከብርድና ከሐሩር ለመከላከል ብቻ የተሠራ ነገር አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ሰው ነጠላውን ያዘቀዝቃል፤ በታላቅ ሰው ፊት የሚቆም ያደገድጋል፤ ለዓመት በዓል የወጣ ጥለቱን አሳምሮ ያጣፋል። ይህ ሁሉ ያለ ቃል የሚነገር ንግግር ነው፤ አገሬውም ሳይሳሳት ያነበዋል። ስለዚህ አንድ ተማሪ ቤት ስለ ተማሪዎች አለባበስ ደንብ ሲያወጣ፥ ባያስበውም እንኳ፥ ስለ ንግግራቸው ጭምር ደንብ ማውጣቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረውም ይህንኑ ነው። ጸሐፊው የታሪክ ሊቅ አይደለም፤ በወላይታ ሶዶ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ፥ ትምህርቱንም በሁለተኛ ደረጃ የፈጸመ ሰው ነው። ነገር ግን ጉዳዩ በገዛ እጅጌው ላይ ስለ ደረሰበት ሊጽፍበት ደፈረ።

አስቀድሞ ከዘመናዊው ተማሪ ቤት በፊት የነበረውን እንመልከት። የቆሎ ተማሪ ልብሱ ደበሎ ነበር። አኮፋዳውን አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ፥ በየደጁ እየለመነ ይማር ነበር። የባለጠጋ ልጅ ቢሆን እንኳ ከተወለደበት መንደር ርቆ እንደ ድኃ ለብሶ እንዲማር ልማዱ ያስገድደው ነበር። ደበሎ የዚያ ዘመን የደንብ ልብስ ነበር ብንል አናበዛም። ነገር ግን ያው ደበሎ ለባሽ ቅኔ በሚቀኝበት ጊዜ፥ በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ ሹሙን ቢወቅስ፥ ምሥጢሩ የገባቸው ሁሉ ያደንቁት ነበር። ሁልጊዜ ያለ ቅጣት ያልፍ ነበር ማለቴ አይደለም። ገላው በልማድ ቢታሰርም አንደበቱ የታወቀ መውጫ በር ነበረው ማለቴ ነው እንጂ።

ዘመናዊው ተማሪ ቤት ከመጣ በኋላ፥ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ልብስ ማልበስ ከባሕር ማዶ የተወሰደ ልማድ ሆኖ ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የሀብታሙና የድኃው ልጅ በአንድ ክፍል ሲቀመጡ በልብስ እንዳይበላለጡ ነው። ምክንያቱ መልካም ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ሁለት ሸሚዝ ያለው ልጅ አንድ ሸሚዝ ባለው ላይ እንዳይስቅ ማድረግ የተማሪ ቤት ተግባር ነው። የደንብ ልብሱ ዋጋ ራሱ ለድኃው ወላጅ ዕዳ መሆኑን ግን ደንቡን የሚጽፉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

በወላይታ የተማሪ ቤት ደንብ ታሪክ ከልብስ ይልቅ በቋንቋ ይጀምራል። በ1887 ዓ.ም. ካዎ ጦና በአጼ ምኒልክ ጦር ድል ከሆኑ በኋላ የመንግሥት ሥራና ዳኝነት በአማርኛ ሆነ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን ሰዎች ወደ ሶዶ መጥተው በአገሬው ቋንቋ ማስተማር ጀመሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ድንጋጌ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በአካባቢው ቋንቋ መጠቀም የተፈቀደው ተማሪውና አስተማሪው አማርኛ እስኪለምዱ ድረስ ለመጀመሪያው ጊዜ ብቻ ነበር። እንግዲህ የወላይታ ልጅ ወደ ተማሪ ቤት ሲገባ የቤቱን ቃል እንደ ጫማ ከበር አውልቆ ይገባ ነበር። የዚያ ዘመን ሹማምንት ይህን ያደረጉት አገር አንድ ይሆናል ብለው በማሰብ እንደ ነበር አልክድም። ዕዳው ግን በሌላ ጊዜ የሚከፈል ሆኖ ቆየ።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርና የጽሑፍ ነጻነት በመላው የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት በሕግ መሠረት የተጠበቀ መሆኑን ገለጠ። ተማሪዎቹ ይህን አንቀጽ አንብበውታል። በ1950ዎቹ ዓመታት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በግጥምም በሰልፍም ተናገሩ፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የዚያ ትውልድ ድፍረት በብዙ ጸሐፊዎች ስለ ተመሰገነ እኔ አልደግመውም። ከልብስ ጋር የተያያዘችውንና ሲነገር ብዙ ጊዜ ድምፅ ዝቅ የሚደረግባትን አንዲት ቀን ግን ማለፍ አይገባኝም።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ይህን ትርኢት ጠሉት። ሕዝቡ በችግር ላይ ሳለ የቅንጦት ልብስ ማሳየት፥ ይልቁንም በዚያን ጊዜ የመጣውን አጭር ቀሚስ ማስፋፋት፥ የባዕድ ባህል ወረራ ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ሐሳብ ነው፤ ሐሳብን መግለጽም መብት ነው። ነገር ግን በቃል አልቆሙም። ወደ አዳራሹ የሚገቡትን ሴቶች ሰደቡ፤ እንቍላል ወረወሩባቸው፤ በጥፊ የመቱም ነበሩ። ፖሊስ ወደ ግቢው ገባ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው ተዘጋ፤ የከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ለታላላቆቻቸው በማበር ረበሹ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ስለ ፖሊሱ ነው። የፖሊሱ ሥራ መጻፉ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን በጥፊ የተመታችው ተማሪ ናት። እርስዋም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ 41ኛው አንቀጽ የተጻፈው ለእርስዋም ነበር። መንግሥት አፋችንን ዘጋን ብለው የጮኹት ወንድሞችዋ በዚያች ቀን የእኅታቸውን ቀሚስ ርዝመት ሊለኩ ተነሡ። የንግግር ነጻነት ጠላቱ ሹም ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ያችን ቀን ያስታውስ።

በዚያን ዘመን ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ አልነበረም። ጥቂት ወራት ቆይቶ የታንዛንያ ገዥ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ በዳሬ ሰላም ከተማ አጭር ቀሚስን የመሳሰለውን ልብስ ለማስቀረት ዘመቻ ከፈተ። በማላዊም በፕሬዚዳንት ባንዳ ዘመን ሴቶች አጭር ቀሚስና ሱሪ እንዳይለብሱ በሕግ ተከለከለ። ነጻነቱን ያገኘ አፍሪካ ወዲያው የሴቶችን ጕልበት ለመሸፈን መቸኰሉ የሚያስገርም ነው።

በአሜሪካ ደግሞ፥ በአዮዋ ክፍለ አገር በዴሞይን ከተማ፥ በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ጥቂት ተማሪዎች በቬትናም ጦርነት ለሞቱት ማዘናቸውን ለመግለጽ በክንዳቸው ላይ ጥቍር ጨርቅ አስረው ወደ ተማሪ ቤት ሄዱ። ከእነርሱ አንደኛይቱ ሜሪ ቤት ቲንከር የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። የተማሪ ቤቶቹ አለቆች ነገሩን አስቀድመው ሰምተው ስለ ነበር ጨርቁን ከልክለው ነበር፤ ልጆቹም እንቢ ስላሉ ከትምህርት ታገዱ። ክርክሩ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቶ በየካቲት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት ድምፅ ለሁለት ለልጆቹ ፈረደላቸው። ዳኛው ኤብ ፎርታስ በጻፉት ፍርድ፥ ተማሪ ወደ ተማሪ ቤት በር ሲገባ የንግግር መብቱን ከደጅ ጥሎ አይገባም፤ ተማሪ ቤቱም የተማሪውን ንግግር ለመከልከል ትምህርቱን በእውነት የሚያውክ መሆኑን ማሳየት አለበት፤ ይረብሽ ይሆናል ብሎ መፍራት ብቻ አይበቃውም የሚል ሐሳብ አሰፈሩ።

ከዚህ ፍርድ አንድ ነገር ልብ ይባል። ዳኞቹ ይህ ክርክር ስለ ቀሚስ ርዝመት ወይም ስለ ጠጕር አቈራረጥ አይደለም ብለው ለይተው ጽፈዋል። እንግዲህ በእነርሱ ዘንድ ልብስ በሁለት ተከፈለ፤ የሚናገር ልብስና ዝም የሚል ልብስ ሆነ ማለት ነው። ለአሜሪካኖች ይህ መለያ ሊሠራ ይችል ይሆናል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ለሚሄድ ሕዝብ ግን ዝም የሚል ልብስ ከየት ይመጣል?

ይህን ያወቀ አንድ የእኛ አገር ተማሪ ነበር። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጉባኤ ባነበበውና «ስትራግል» በሚባለው የተማሪዎች ጋዜጣ በታተመው ጽሑፉ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ አነሣ። በጽሑፉ ካነሣቸው መከራከሪያዎች መካከል ቋንቋና ልብስ ይገኙበታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ልብስ የሚባለው የማን ልብስ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ሌሎቹም ሕዝቦች የየራሳቸው ቋንቋና የየራሳቸው አለባበስ ያላቸው መሆናቸውን ተናገረ። ስማቸውን በዘረዘረበት ስፍራ ወላይታን በዚያን ጊዜ በውጭ ሰዎች አፍ ይጠራ በነበረው ስም ቈጥሮታል። ስሙ እኛ የምንወደው አይደለም፤ መቈጠራችንን ግን አንረሳም። አንድ የወሎ ልጅ ወደ ወላይታ ልጅ ልብስ ተመልክቶ መናገሩ ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። በደረሰበት መደምደሚያ ሁሉ እስማማለሁ ማለቴ አይደለም፤ ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀምና። ጽሑፉ በወጣ በሁለተኛው ወር፥ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ዋለልኝም ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር በአየር ላይ ተገደለ።

ደርግ በመጣ ጊዜ ተማሪው ካኪ ለበሰ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ላከ። የንግግር ነጻነት የጠየቀ ትውልድ በወታደር ቀለም ተሰልፎ መሄዱ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። ሆኖም ለፍርድ ያህል አንድ ነገር መባል አለበት። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ወላይትኛ ነበር። አረጋውያን በገዛ ቋንቋቸው ፊደል ቈጠሩ። መናገር በተከለከለበት ዘመን ማንበብ ተፈቀደ።

አሁን ወደ ራሴ ዘመን ደርሻለሁ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የወላይታ ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ በወላይትኛ፥ በላቲን ፊደል መማር ጀምረው ነበር። በዚያን ጊዜ ወላይታ ከጋሞ፥ ከጎፋ፥ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር፥ መቀመጫውን አርባ ምንጭ ባደረገ አስተዳደር ይተዳደር ነበር። ባለ ሥልጣኖቹ የአራቱ ሕዝቦች ቋንቋ ይቀራረባል፤ ለእያንዳንዱ ለየብቻ መጽሐፍ ማሳተምም ወጪ ያበዛል ብለው አራቱን ቀላቅለው አንድ የጽሑፍ ቋንቋ አወጡ። ስሙንም ከአራቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ሰብስበው «ወጋጎዳ» አሉት። በ1992 ዓ.ም. መጽሐፉ ታትሞ ለተማሪ ቤቶች ታደለ።

ቋንቋዎቹ እንደሚቀራረቡ ሐሰት አይደለም። ገበያ ላይ ጋሞውና ወላይታው ይግባባሉ። ነገር ግን ሰዎች በገበያ ሲግባቡ እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል እንጂ ማንም የማይናገረውን ሦስተኛ ቋንቋ አይፈጥሩም። አራት ጨርቅ ቀድዶ አንድ ሸማ መስፋት ይቻላል፤ ያን ሸማ ግን ለክቶ የሚለብሰው ማን ነው?

አስተማሪዎች ተቃወሙ፤ ከሥራቸው የተነሡና ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩ ነበሩ። ተማሪዎች መጽሐፉን አንቀበልም አሉ። በዚያው ዓመት በመጀመሪያዎቹ ወራት የሶዶ ከተማ በተማሪዎችና በነዋሪዎች ተቃውሞ ተናወጠች፤ የጸጥታ ኃይል ተኰሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ሰዎች ታሰሩ።

እኔ በዚያ ዓመት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። መጽሐፉን በእጄ ይዤዋለሁ፤ አዲስ ቀለም ይሸት ነበር። ማታ በኵራዝ ብርሃን ጮክ ብዬ ሳነብ አያቴ ከምድጃው ዳር ሆነው ሰሙኝና «ይህን የሚናገረው የየት አገር ሰው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የተማሪ ቤት ቋንቋ ነው አልኋቸው። ሌላ መልስ አልነበረኝም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተማሪ ቤት ተዘጋ፤ ውጭ እንዳንወጣም ተከለከልን። ተመልሰን ስንገባ መጽሐፉ አልነበረም።

መንግሥት መጽሐፉን ሰበሰበ፤ ወላይትኛም ተመለሰ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ ሰሜን ኦሞ ተከፋፈለ። እንግዲህ ተማሪዎቹና አስተማሪዎቹ የተናገሩት ትክክል እንደ ነበረ ያረጋገጠው ራሱ መንግሥት ነው፤ ይህን ያደረገው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በዴሞይኑ ክርክር ዳኞቹ ያወጡትን መለኪያ ወደ ሶዶ ብናመጣው፥ ትምህርቱን ያወከው የተማሪው ቃል ነው ወይስ ያን ቃል በክፍል ውስጥ የሚሰማ መጥፋቱ? ያች የአያቴ ጥያቄ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ ቀርባ መልስ ብታገኝ ኖሮ ጥይት ባላስፈለገ ነበር። በዚያን ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበሩት ሁሉ ክፉዎች ነበሩ አልልም። በወረቀት ላይ ያማረ ነገር በሰው አፍ ላይም ያምራል ብለው የሚያምኑ ሰዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ በእኛም መዝገብ ቤት አይጠፉም።

የራሴ ነገር ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሰማያዊ የደንብ ሹራቤ የዴስክ ምስማር ይዞት እጅጌው በክርኑ በኩል ተቀደደ። እናቴ ሰማያዊ ጨርቅ አጥታ፥ ከሸማኔ የተረፈ የዱንጉዛ ቍራጭ ጣፈችበት። ዱንጉዛ ቀይ፥ ጥቍርና ቢጫ መስመር ያለው የወላይታ ልብስ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በማግሥቱ ጧት ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ያዙኝ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መጣፊያ ነው፥ ቲቸር።»

«መጣፊያ ሳይሆን መፈክር ነው። ሂድና አስወልቀህ ና።»

መፈክር ምን እንደ ሆነ እንኳ በሚገባ የማውቅ ልጅ አልነበርሁም፤ እናቴም አታውቅም። ከእኔ ኋላ የነበረው ልጅ ሹራቡ ከሁለቱም ክርኑ የተቦተረፈ ነበር፤ እርሱ ግን አለፈ። ቀዳዳ ተፈቀደ፤ መጣፊያ ተከለከለ። እናቴ ወደ ገበያ ወጥታ ሰማያዊ ጨርቅ እስክታገኝ ሦስት ቀን ከትምህርት ቀረሁ፤ በእነዚያ ቀኖች ያመለጠኝን አልጄብራ እስከ ዛሬ አልያዝሁትም። እኚያ መምህር ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የሒሳብ ደብተር ለሌላቸው ልጆች ከኪሳቸው ይገዙ ነበር። የሚቈጨኝ እንድናገር አለመጠየቄ ነው። ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ አጭር ነበር፤ ሰማያዊ ጨርቅ በቤታችን አልነበረም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዱንጉዛም በስብሰባ አዳራሽ፥ በሠርግና በቴሌቪዥን ይታያል። ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ተማሪዎች በመምህራን ትእዛዝ ዱንጉዛ ለብሰው ይመጣሉ። ቀኑ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ነው፤ ደግሞም ዋለልኝ የሞተበት ቀን ነው። በማግሥቱ ኅዳር 30 ቀን ሁሉም ወደ ሹራቡ ይመለሳል።

ጥያቄው ግን አላለቀም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃባቸውን ካላወለቁ አትገቡም ተባሉ። የትግራይ የእስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ከትምህርት የታገዱት 159 መሆናቸውን ገለጠ። ልጆቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው ሆነ፤ በጥር ወር በመቀሌ ሰልፍ ወጣ፤ ፍርድ ቤትም እገዳው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። ስለ ሃይማኖት የመፍረድ ሥልጣን የለኝም። ሕገ መንግሥቱ በ27ኛው አንቀጽ ስለ እምነት፥ በ29ኛው ስለ ንግግር የሚለው ለማንም ግልጽ ነው። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው። በ1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎ ልጃገረዲቱ የተመታችው ገላዋን ገለጠች ተብሎ ነበር፤ በአክሱም ልጃገረዲቱ ከደጅ የቀረችው ራስዋን ሸፈነች ተብሎ ነው። በሁለቱም ጊዜ ልብሱን የለካው ሌላ ሰው ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ የተጐዳችው ሴት ልጅ ናት።

ባለፈው ጊዜ ልጄ በምትማርበት ተማሪ ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። የዓመቱ አዲስ የደንብ ልብስ ቀለም ሊለወጥ መሆኑ ተነገረን። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፥ የተማሪዎች ተወካይ ናት፥ እጅዋን አውጥታ ተነሣች። ያለፈው ዓመት ሹራብ ገና ያልተቀደደበት ልጅ እርሱን ለብሶ መምጣት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀች፤ ደግሞም ቀለሙ ሲመረጥ ተማሪዎች ለምን እንዳልተጠየቁ። አዳራሹ ጥቂት ዝም አለ። ከወላጆች መካከል «ቁጭ በይ፥ የእኔ ልጅ» ያሉ ነበሩ። ርእሰ መምህሩ ግን ቁጭ በይ አላሏትም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ጸሐፊውን «በቃለ ጉባኤው ይያዝ» አሏቸው። ጥያቄዋ በተራ ቍጥር ሰባት ተጻፈ። መልሱ ለሚመጣው ስብሰባ ተቀጥሯል።